የጎ ኢንተርፌስ፦ ከዚራ ቡና ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ሥር ቡና ይዘን ጎ ስለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስናወራ አንዳንድ ነገር ደጋግሞ ይነሳል። ኢንተርፌስ ማለት አንድ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ሊኖሩት የሚገቡ ሜተዶች (ታይፑ የሚሠራቸው ተግባሮች) ዝርዝር ነው።

«ይህ ታይፕ ያንን ኢንተርፌስ ያሟላል ብለህ ስለማትጽፍ፣ ስህተቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው።»
አይደለም። ሜተዶቹ ከተሟሉ ማወጅ አያስፈልግም፤ ግን ታይፑን ኢንተርፌስ በሚጠበቅበት ቦታ ስታስገባ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሮጥ ፕሮግራም የሚቀይረው) ይፈትሻል። አንድ ከጎደለ አያሳልፍህም።

«ሁለት ፓኬጆች (የኮድ ጥቅሎች) ያሏቸው ኢንተርፌሶች ሜተዳቸው አንድ ከሆነ ሁሌም ይተካካሉ።»
ይሄ እኔንም ግማሽ ቀን በልቶብኛል። በቀጥታ ስትሰጥ እውነት ነው፤ ለምሳሌ የክፍያ ፓኬጁ «ሴንደር» (ላኪ) የሚባል ኢንተርፌስ የመልእክት ፓኬጁ «ሴንደር» ቦታ ላይ ይገባል። ጣጣው የሚመጣው «ሴንደር» ራሱ የሌላ ሜተድ ግብዓት ሲሆን ነው። ኢንተርፌሱ የመልእክቱን «ሴንደር» የሚቀበል ሜተድ ከጠየቀ፣ የክፍያውን የሚቀበል ሜተድ አይበቃውም። ውስጣቸው አንድ ቢሆንም ለጎ ሁለት የተለያዩ ታይፖች ናቸው።

የድሬ ልጅ ይሄን ከባቡር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማችን የደረሰው የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1,435። ሁለቱም ለአዲስ አበባና ለጅቡቲ የተዘረጉ ናቸው፤ የአንዱ ፉርጎ ግን በሌላው ላይ አይሄድም።

መፍትሄው ኢንተርፌሱን ሁለቱም በሚጠቀሙበት ትንሽ ሦስተኛ ፓኬጅ ማስቀመጥ ነው። ከጎ 1.9 (2017 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ሁለቱም ፓኬጆች ስሙን የአንድ ዓይነት ኢንተርፌስ ኤልያስ (ሌላ መጠሪያ) ቢያደርጉት፣ አንዱ ሌላውን ኢምፖርት ሳያደርግ ይገጥማሉ። እኔ ይሄኛው ይጥመኛል።

«ታዲያ ሜተዱን በአማርኛ ብንሰይመውስ?»
ጎ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ነገር ግን ከፓኬጅ ውጭ የሚታየው ስም በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ «ላክ» ያልከው ሜተድ እዚያው ፓኬጁ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሌላ ፓኬጅ የራሱን «ላክ» ቢጽፍም ያንተን ኢንተርፌስ አያሟላም። አቦ፣ ያናድዳል!

«ኢንተርፌሱን አቅራቢው ፓኬጅ ይጻፈው።»
ብዙ ጊዜ ተጠቃሚው ቢጽፈው ይሻላል፤ የሚፈልገውን የሚያውቀው እሱ ነው። አጭር ይሁን። «አይኦ ሪደር» (io.Reader) የሚባለው የጎ የራሱ የማንበቢያ ኢንተርፌስ ያለው አንድ ሜተድ ብቻ ነው፤ ፋይሉም የኔትወርክ ግንኙነቱም ይገባበታል። ሌሎች ታይፕ ሠርተውለት ካበቁ በኋላ ሜተድ ብትጨምርበት ግን ኮዳቸው ኮምፓይል አይሆንም።