ስርገት ምንድን ነው?

«አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። ባህር ዳር ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። አባይን በየቀኑ ስለምናይ ምንጭ ትዝ አይለንም። ጣናን የሚያህል ሐይቅ ደጃችን ተኝቶ ስለ ውሃ ማነስ ማን ያስባል? የሚገርመው፣ ከተማው ለረጅም ዘመን በቧንቧ ሲጠጣ የኖረው የሐይቁን ውሃ አይደለም፤ የምንጭና የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ነው። ከመሬት ሥር የወጣ ማለት ነው። ታዲያ እዚያ ማን አስገባው?

ስርገት ነው ያስገባው። ቃሉ ከባድ አይደለም፤ ውሃ ሰረገ ካልን ወደ መሬት ገባ ማለታችን ነው። የዘነበው ዝናብ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉን ተክል ይጠጣዋል፣ ከፊሉ በላይ በላዩ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፣ የቀረው ደግሞ ይሰርጋል። ቀስ እያለ ወርዶ ከርሰ ምድርን የሚሞላው፣ በበጋ በምንጭ በኩል ብቅ የሚለው፣ ወንዙንም ሚያዝያ ላይ ሳይሞት የሚያቆየው ይሄ የሰረገው ነው።

ወደ ጎንደር የምትመላለሱ የጉማራን ድልድይ ታውቁታላችሁ። ነሐሴ ላይ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ሚያዝያ ላይ ወንዙ ቅጥነቱ ያሳዝናል። ነሐሴ ላይ ያያችሁት አብዛኛው ሳይሰርግ ያመለጠ ነው፣ አፈሩንም ይዞ ጣና ገብቷል።

ትንሽ እንቁጠር። ባህር ዳር አካባቢ በዓመት በአማካይ ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ ሩብ ሄክታር መሬት በዓመት 3.5 ሚሊዮን ሊትር ይወርድበታል። የዚህ አንድ አስረኛ ብቻ ቢሰርግ ባለ 200 ሊትር በርሜል 1,750 ይሞላል። ከሩብ ሄክታር!

ውሃ ያመጣል የሚባለው ዛፍስ የት ገባ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዛፍ ውሃ አይሠራም፣ እንዲያውም ይጠጣል። ሥራው በር መክፈት ነው። አውድማ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ብታፈሱ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ በእበት ተለቅልቆ በከብት የተረገጠ መሬት ነዋ። ያንኑ ጆግ ዘጌ ገዳም አካባቢ ከቡናው ጥላ ሥር አፍስሱት፣ ወዲያው ይጠፋል። እዚያ መሬቱን ማረስ ከድሮ ጀምሮ ነውር ነው። ቅጠሉ ይበሰብሳል፣ ትሉና ምስጡ አፈሩን ይበሱታል፣ የበሰበሰ ሥር ሁሉ ቱቦ ይሆናል። ለጤፍ አምስት ጊዜ ታርሶ የላመ፣ ከዚያም ከብት የሄደበት ማሳ ከአውድማው ብዙም አይርቅም።

ለዚህ ነው ምንጭ ራስ ላይ ባህር ዛፍ ደፍኖ «ምንጩን አለማን» ማለት የሚያናድደኝ። ባህር ዛፍን አልጠላም፣ የቤቴ ማገር ሁሉ እሱ ነው። ግን ጥማተኛ ነው፣ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አያበቅልም። ለምንጭ አካባቢ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላ፣ ወይራ አለ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይተክሉ ከብቱን ብቻ ማስወጣት ይበቃል፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ራሱ ይመጣል። በክረምት ስንት ችግኝ ተተከለ ብቻ ስንቆጥር ይሄ ይረሳል፣ ቆጠራ ውስጥ አይገባማ።

ሌላው የሚረሳ ጉዳይ ቦረቦር ነው። ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ደብረ መዊ ላይ ያለውን ያየ ሰው ይደነግጣል። ቦረቦር እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ መጀመሪያ የከብት መንገድ ይመስላል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሰው ገብቶበት አይታይም። አፈር መውሰዱን ሁሉም ያያል። የማይታየው፣ በዙሪያው የሰረገውን ውሃም እንደ ተቀደደ አቁማዳ ማፍሰሱ ነው፤ ጥልቅ ስለሆነ የከርሰ ምድሩ ውሃ በጎኑ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ስለዚህ ላይ እርከን እየሠሩ ታች ቦረቦሩን ክፍት መተው ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ሥራ ሲሆን ጎርፉን የሚያግደውን ክትር ቦረቦሩ ገና ትንሽ ሳለ መሥራት ይሻላል። ድንጋይ ከሌለ በእንጨትም ይሆናል፤ ትልቁን በኋላ መመለስ አበሳ ነው።

ከተማ ውስጥ ያለነውም ንጹሕ አይደለንም። እኔ ራሴ ግቢዬን ሲሚንቶ አልብሼ የጣሪያዬን ውሃ ወደ መንገድ ስለቅ ነው የኖርኩት። ባለፈው ክረምት ከግድግዳው ራቅ አድርጌ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቆፈርኩ፣ ድንጋይ ሞላሁበት፣ አሸንዳውን ወደዚያ አዞርኩት። አሁን ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ደቂቃ ይሞላና ዝቅ ይላል። ጎረቤቴ ግን እስካሁን የሽንት ቤት ጉድጓድ መስሎታል፣ በዚያ በኩል ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል።