ከደመወዝ ሥራ ጎን ለጎን፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የትናንሽ ምርቶች ፈጠራ

በአዲስ አበባ ዳርቻ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮየ ፈጬና በአቃቂ፣ እንዲሁም ከከተማዋ ወሰን ወዲያ በለገጣፎ፣ በገላን፣ በሰበታና በቡራዩ፣ ቀን በደመወዝ እየሠሩ ማታና በዕረፍት ቀን አንድ ነገር ፈጥረው የሚሸጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከመርካቶ አምጥቶ አትርፎ መሸጥም የጎን ሥራ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን እሱ አይደለም። እዚህ የምንዳስሰው ገበያ ላይ የጠፋን፣ ወይም እያለ ለኑሯችን ያልተመቸን ዕቃ አስቦ፣ ሠርቶና አስተካክሎ ለጎረቤት ማድረስን ነው። መምህሩም፣ የፋብሪካ ቴክኒሻኑም፣ የባንክ ሠራተኛዋም ይሠሩታል።

ሥራው ዳርቻው ላይ የበረታበት ምክንያት አለው። አንደኛው ቦታ ነው። ግቢ ያለው ሰው ከሰርቪስ ክፍሎቹ አንዷን ወርክሾፕ ያደርጋታል፤ ብየዳና ግራይንደር መሃል ከተማ ውስጥ ጎረቤት ያስቆጣል፣ እዚህ ግን ይቻላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዳርቻውን የሞላው ኮንዶሚኒየም ደግሞ ድምፅ አይችልም፤ እዚያ የሚሠራው ስፌት፣ ሳሙና፣ የታሸገ ምግብና ኤሌክትሮኒክስ ነው። ሁለተኛው ሙያ ነው። አቃቂ ለብዙ አሥርት ዓመታት የብረታ ብረትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ መንደር ሆና ኖራለች። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ያረጀ እጅ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው እዚያው አካባቢ፣ ቂሊንጦ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን ችግሩ ራሱ ነው። ዳርቻ የሚኖር ሰው ውኃ በፈረቃ ያገኛል፣ መብራት ይጠፋበታል፣ ሱቁም ትራንስፖርቱም ይርቀዋል። ሮቶው ሲሞላ የውኃ ዲናሞውን በራሱ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወይም ሌሊት ውኃ ሲመጣ የሚጮህ ትንሽ ደወል መሥራት የሚያምረው ባልዲ ይዞ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ነው። በእኔ እምነት የዳርቻው ፈጣሪ ትልቁ ሀብት ይህ ነው፦ ገዢው የሚቸገርበትን ነገር እሱም ማታ ቤቱ ሲገባ ያገኘዋል።

ከእነዚህ ምርቶች ሁሉ ጠጋ ብሎ ሊታይ የሚገባው የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን ነው። ዳርቻው ላይ ዶሮ የሚያረባ ስለበዛ ፈላጊ አያጣም። ሣጥኑ ብዙ ጊዜ ከቺፑድ ወይም ከተበላሸ ፍሪጅ ቀፎ ይሠራል፤ ፍሪጁ ሙቀት ስለሚይዝ ይመረጣል። ውስጡ አምፖል፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ፋን፣ የውኃ ሳህንና ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ይገባል። ፋን ባለው ሣጥን ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ጫጩቷ በ21ኛው ቀን ትወጣለች። እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ በየቀኑ ደጋግሞ መገላበጥ አለበት፤ ከዚያ በኋላ መገላበጡ ቀርቶ እርጥበቱ ከፍ ይላል።

ደመወዝተኛው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው እንቁላል ማን ያገላብጥለታል? የሠፈር ሠሪዎች መልስ ከተበላሸ ማይክሮዌቭ የወጣችው፣ ሳህኑን የምታዞረው ትንሽ ሞተር ናት። በሰዓት መቆጣጠሪያ እየበራች የእንቁላሉን መደርደሪያ ቀስ እያለች ታዘነብለዋለች። ለመብራት መጥፋት ደግሞ ባትሪ ይታከላል፤ ያለ እሱ ረጅም የመብራት መቋረጥ ሙሉውን ዙር ሊያበላሽ ይችላል። ጥሩ ሠሪ ማሽኑን አስረክቦ ዝም አይልም። አውራ ዶሮ በሌለበት መንጋ የተጣለ፣ ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል እንደማይፈለፈል ይነግራል፤ በሰባተኛው ቀን ገደማ በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ አብርቶ ሽል የያዘውን ካልያዘው መለየትንም ያሳያል። ይህ ምክር ለገዢው ከማሽኑ እኩል ዋጋ አለው።

ለኑሮ የሚመች ዕቃ በሠፈር ሠርቶ መሸጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እንጨት ቆጣቢው «ምርጥ» ምድጃና ለከሰል የተሠራችው «ላቀች» ምድጃ ሲስፋፉ፣ ያመረቷቸው ባብዛኛው የሠፈር ትናንሽ አምራቾች ነበሩ።

ጥሬ ዕቃው ከመርካቶ ይመጣል። ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት፣ በርሜልና ላሜራ ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ ይሆናል፤ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይገኛል። ሠፈር ለሠፈር የሚዞረው ቆራሌውም የተበላሸ ማሽን ከቤት ወደዚያ የሚያደርስ ዋና ሰንሰለት ነው። ችግሩ ጊዜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ሲሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደረው ጣሪያው 48 ነው። ከዳርቻ መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ሲጨመርበት ለፈጠራ የምትተርፈው ሌሊትና እሑድ ናት። ስለዚህ ብልህ ሠሪ የሚገዛውን ሁሉ ጽፎ አንዴ ይሄዳል፤ ለአንድ ቡሎን ብሎ ቅዳሜውን አያጠፋም።

ገንዘቡ ከደመወዝና ከእቁብ ይወጣል። ደመወዝ ያለው ሰው የመጀመሪያው ናሙና ቢበላሽ የቤት ኪራይ አይቀርበትም፤ ያልበሰለ ዕቃም ለመሸጥ አይቸኩልም። ሥራውን ቶሎ ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለፈጠራው ስጥ የሚለው ምክር ለዳርቻው ነዋሪ አይጠቅምም ብዬ አምናለሁ። አንድ ዕቃ መሥራት ቀላል ነው፤ አሥሩን አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ግን ፎርማ፣ ልክና ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህን እስኪለምድ ደመወዙ ይደግፈው።

ሕጉን ብዙዎች አያውቁትም፤ ያሳዝናል፣ የሚጠቅም ነውና። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ሠራተኛው ከሥራ ውሉ ጋር በማይገናኝ መንገድ፣ የአሠሪውን ሀብት፣ መረጃና መሣሪያ ሳይጠቀም የሠራው ፈጠራ የራሱ ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር መንደፍ ወይም በፋብሪካው ቶርኖ ማስወጣት ትንሽ ነገር መስሎ የባለቤትነት ክርክር ያመጣል። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ በአምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። ለሠፈር ፈጣሪ ግን የሚቀርበው አዋጁ ለአነስተኛ ፈጠራ ያስቀመጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው፤ አምስት ዓመት ይጸናል፣ ለሌላ አምስት ዓመት ይታደሳል። ስሙን ማስጠበቅ የሚፈልግ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ያስመዘግባል፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳልም። ምዝገባው የሚካሄደው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ዕቃውን በቋሚነት የሚሸጥ ሰው ንግድ ፈቃድም ያስፈልገዋል።

ሽያጩ የሚጀምረው ከብሎኩ ነዋሪዎች፣ ከዕድርና ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነው። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ይለጠፋል፤ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያውን አቅልሎታል፣ ዕቃውን ደግሞ ሞተረኛ ያደርሳል። ከውጭ የሚገባው ተመሳሳይ ዕቃ ብዙ ጊዜ ያምራል፤ ሲበላሽ ግን መለዋወጫም ጠጋኝም ይጠፋለታል። የሠፈሩ ሠሪ ስልኩ ይነሣል። ማሽኑ ሌሊት ሙቀት ከቀነሰ ከሥራ መልስ የሽቦ መበየጃ ካውያውን ይዞ ይመጣል፤ ያገኘውን ጉድለትም በሚቀጥለው ሣጥን ላይ ያርማል።