አደጋ ከደረሰ በኋላ የመኪና ኢንሹራንስን በሐቅ ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኢንሹራንስ እድሳት ቅጽ ሲሞላ ሰው እስክሪብቶውን የሚያቆምበት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ባለፉት 5 ዓመታት አደጋ፣ ጉዳት ወይም ስርቆት ደርሶብዎታል?» የሚለው። አንዳንዱ ቅጽ 3 ዓመት ይላል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። «የለም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ ቀላል ነው፤ አረቦኑም፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፍሉት ዋጋ፣ ዝቅ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ቀጣዩ ግጭት ሲደርስና ፋይሉ ሲገለበጥ ነው። ሰውን ወደዚያች ሳጥን የሚገፉት አባባሎች ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ግማሽ እውነት ስላለባቸው ይታመናሉ።

«ካሳ ካልጠየቅሁ አደጋ ተብሎ አይቆጠርም»

ከሁሉም የተስፋፋው ይህ ነው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ወደ ኋላ ሲሄዱ የሌላ ሰው ፓራውልት ነኩ እንበል። ሁለታችሁም ወርዳችሁ ጭረቱን አያችሁ፣ እርስዎ የቀለሙን ሒሳብ ከኪስዎ ከፈሉ፣ ተጨባብጣችሁ ተለያያችሁ። በእርስዎ ቤት ጉዳዩ አልቋል። ቅጹ ግን «ኩባንያ ከፍሎልዎታል ወይ?» አላለም። መለስ ብለው ቃሉን ያንብቡት፦ «አደጋ» ይላል፣ «ጉዳት» ይላል፣ አንዳንዱም «ካሳ ተጠየቀበትም አልተጠየቀበትም» ብሎ በግልጽ ይጨምራል። እንዲህ ከተጠየቀ ያቺ ጭረት ትጻፋለች። ቅጹ የጠየቀው ስለተከፈለ ካሳ ብቻ ከሆነ ደግሞ መልሱ ለዚያው ብቻ ነው፤ ያልተጠየቁትን ሁሉ መናዘዝ አይጠበቅብዎትም።

ኩባንያው ይህን ማወቅ የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። የተጨባበጣችሁት ሰው ከወራት በኋላ «አንገቴን እያመመኝ ነው» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ጋራዡ ፓራውልቱን ሲፈታ ከሥሩ የተጣመመ ብረት ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ውሎች አደጋን ሳይዘገዩ የማሳወቅ ግዴታን ለብቻው የሚጽፉትም ለዚህ ነው። ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «ይህ ደርሷል፣ ለመረጃ ያህል ነው፣ ካሳ አልጠይቅም» ብሎ ማስመዝገብ ይቻላል። ይህም አረቦኑን ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል አልደብቅም።

«ጥፋቱ የእኔ ካልሆነ አይመለከተኝም»

መብራት ይዞዎት ቆመው ሳለ ከኋላ ቢገጩም፣ ቅጹ ስለ አደጋ ከጠየቀ መልሱ «አዎ» ነው። የጥፋተኝነቱ ጉዳይ ከጎኑ ይጻፋል፦ «ጥፋቱ የሌላው ወገን፣ ወጪው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል»። ኩባንያዎ ወጪውን ከአጥፊው መድን ሰጪ ካስመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ካሳ ባለመጠየቅ ያገኙት ቅናሽ አይነካም። ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ሳለ የእድሳቱ ቀን ከደረሰ ግን ሒሳቡ ጥፋቱ የእርስዎ እንደሆነ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ሲዘጋ ደውለው ማስተካከያ ይጠይቁ፤ ትርፍ የከፈሉትን ለመመለስ ማንም አስታውሶ አይደውልልዎትም።

«ያው የድሮው ኩባንያዬ ስለሆነ ያውቀዋል»

ይህኛው የቆየ የፍርድ ቤት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1766 እንግሊዛዊው ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ ካርተርና ቦም በተባሉ ሰዎች መካከል የነበረውን ክርክር ሲወስኑ፣ መድን የሚገባ ሰው እሱ ብቻ የሚያውቀውንና የአደጋውን ግምት የሚለውጠውን ነገር መደበቅ የለበትም የሚለውን መርህ አስቀመጡ። ክርክሩ ሱማትራ ደሴት ላይ ስለነበረና ፈረንሳዮች ስለያዙት ምሽግ ነበር። የሚገርመው፣ ያሸነፈው መድን የገባው ካርተር ነው፤ መድን ሰጪው ያወቀውን ወይም ማወቅ የነበረበትን ነገር «አልተነገረኝም» ሊል አይችልም ተባለ።

ስለዚህ አባባሉ ፍጹም ሐሰት አይደለም። ግን ኩባንያው የሚያውቀው በእጁ ያለፈውን ነው። በሌላ ኩባንያ ስላለው ሁለተኛ መኪናዎ፣ በውሉ ላይ ስሟ የተጻፈው ባለቤትዎ የጓደኛዋን መኪና ስትነዳ ስለደረሰው ግጭት ከየት ያውቃል? ውሉ በራሱ የሚታደስ ከሆነም ከደብዳቤው ጋር የሚላከውን የዝርዝር መረጃ ወረቀት ማንበብ ነው። እዚያ ላይ «አደጋ፦ የለም» የሚል ካለ፣ ዝም ማለት እንደ ማረጋገጫ ሊቆጠር ይችላል።

«ኩባንያ ብቀይር ታሪኬ አይከተለኝም»

ይከተላል። በአሜሪካ ክሉ በሚባለው የመረጃ ቋት የካሳ ጥያቄዎች እስከ 7 ዓመት ድረስ ተመዝግበው ይቆያሉ፤ በብሪታንያም ኩባንያዎች የሚጋሩት ተመሳሳይ መዝገብ አለ። እንዲህ ያለ መዝገብ በሌለበትም አዲሱ ኩባንያ ከቀድሞው የካሳ ታሪክ ደብዳቤ እንዲያመጡ ሊጠይቅዎት ይችላል። ጉዳት የደረሰበት ሌላው ወገንም የራሱ ፋይል አለው፤ እዚያ ውስጥ የእርስዎ ታርጋ አለ።

«ቢታወቅም ልዩነቱን ከፍዬ እገላገላለሁ»

አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ የከፋ ነው። የብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ2012 የሸማቾች መድን ሕግ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ስለሚለይ እሱን እንየው። ስህተቱ የመጣው ከቸልተኝነት ከሆነና ኩባንያው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ከፍ ያለ አረቦን ያስከፍል ከነበረ፣ ካሳው በዚያው ልክ ሊቀነስ ይችላል። መክፈል ከነበረብዎት አረቦን 75 በመቶውን ከከፈሉ፣ ከጥገናው ወጪም 75 በመቶው ብቻ ይሸፈናል፤ ቀሪው ሩብ የእርስዎ ዕዳ ነው። መኪናው ሙሉ በሙሉ ከወደመ ያ ሩብ በእድሳቱ ላይ ከተረፈው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሆን ብሎ ከተዋሸ ደግሞ ኩባንያው ውሉን ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ሊቆጥረው ይችላል፤ ካሳ የለም፣ የተከፈለው አረቦንም በአብዛኛው አይመለስም። የተጎዳ ሦስተኛ ወገን ካለ፣ በብዙ አገሮች ኩባንያው ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሚቀጥለው ቅጽ ላይ «መድን ሰጪ ውልዎን ሰርዞብዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ይጠብቅዎታል። እኔ እንደሚገባኝ፣ እዚህ ላይ «አዎ» ብሎ መጻፍ ከአንድ ግጭት ይልቅ በጣም ውድ ነው።

«ቅጹን የሞላው ደላላው ነው» የሚልም አለ። የፈረመው ግን እርስዎ ነዎት፤ ባዶ ቅጽ ላይ አይፈርሙ። የልጁን አደጋ ለመሸሸግ መኪናውን በእናቱ ስም አድርጎ እሷን ዋና አሽከርካሪ ማለትም ብልሃት አይደለም፤ በየቀኑ ማን እንደሚነዳ ከአደጋው ምርመራ በቀላሉ ይታወቃል።

«እውነቱን ከተናገርኩ አረቦኑ አይቻልም»

ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ያስፈራሉ። አንዱ ቅናሽዎ ነው፤ ከካሳ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደረጃ ይወርዳል እንጂ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሌላው ቅናሹ የሚሰላበት መነሻ ዋጋ ነው። ቅናሹን የሚያስጠብቅ ተጨማሪ ሽፋን የገዙ ሰዎች አረቦኑ ሲጨምር «ተታለልን» የሚሉት ለዚህ ነው፤ የተጠበቀው ቅናሹ ነው እንጂ መነሻ ዋጋው አይደለም። ዋጋውን ለማውረድ የቀሩ ሐቀኛ መንገዶች አሉ፦ አደጋ ሲደርስ ራስዎ የሚችሉትን ተቀናሽ ከፍ ማድረግ፣ መኪናውን የማይነዱ ሰዎችን ከውሉ ማውጣት፣ አንዱንና ያንኑ እውነት ለተለያዩ ኩባንያዎች ነግሮ ዋጋ ማነጻጸር።

«አምና ሳልናገር ስላለፈ አሁን ብናገር ራሴን ማጋለጥ ነው»

ገና ምንም ሳይደርስ የሚቀርብ ማረሚያና ከግጭት በኋላ የሚገኝ ውሸት በአንድ ዓይን አይታዩም። በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። ቀኑ፣ ቦታው፣ ምን እንደተጎዳ፣ ማን እንደነዳ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ ጉዳዩ ተዘግቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ብቻ ይጻፉ። ኩባንያው ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ በአደጋው ታሪክ የተነሳ አልቀጥልም ሊልም ይችላል፣ ያኔ ሌላ ኩባንያ ለመፈለግ ጊዜ ይኖርዎታል። ሽፋንዎ በምን ሁኔታ እንደሚቀጥል የሚገልጽ መልስ በጽሑፍ ይጠይቁና ከውሉ ጋር አያይዘው ያስቀምጡት።