አፈርን በቃጫ ማጠናከር ምንድን ነው?

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን በከፊል ያውቀዋል። ጭቃው ጭድ ካልገባበት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። መሐንዲሶችም ለመንገድ መሠረት የማይመች አፈርን ከአጫጭር ቃጫ ጋር የሚቀላቅሉት በዚሁ ብልሃት ነው። አፈር ሲጫኑት ይችላል፤ ሲሳብ ግን ወዲያው ይለያያል። ቃጫው ሊከፈት ያለውን ስንጥቅ ግራና ቀኙን ይዞ ያቆየዋል።

እኛ አገር ይህ ነገር የሚነሳው ከዋልካ ጋር ነው። ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የሚሸፍነው ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደግሞ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። አስፋልቱም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። የተለመደው መፍትሔ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ነው። ገረጋንቲው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ግን ዋጋው አይቀመስም።

የአፈር ጥንካሬ የሚለካው ሲቢአር በሚባል ፍተሻ ነው። አፈሩ በብረት ሲሊንደር ውስጥ ተጠቅጥቆ 4 ቀን ውሃ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ቀስ እያለ ይጫነዋል። ዘንጉ 2.5 ሚሊ ሜትር ለመግባት የጠየቀው ኃይል ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ይነጻጸራል። ድንጋዩ 100 ቢያገኝ፣ የራሰ ዋልካ ብዙ ጊዜ 3 እንኳ አይሞላም።

ቃጫው ብዙ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከደረቁ አፈር ክብደት 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ርዝመቱም ጥቂት ሴንቲ ሜትር። ሲበዛ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ አፈሩም በደንብ አይጠቀጠቅም። ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሳህን አፈር በእጅ ማዋሃድ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ በማሽን ሲገላበጥ ግን ቃጫው እየተድበለበለ አንድ ቦታ ይከማቻል። ለእኔ ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው።

የሲሳልና የእንሰት ቃጫ ቅርብ ነው፤ ግን እርጥበት ውስጥ ይበሰብሳል። ፖሊፕሮፒሊን፣ ያ ማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ አይበሰብስም፤ ግን ፕላስቲክ መሬት ውስጥ መቅበር ነው።

አንድ ነገር ይታወቅ፤ ቃጫ የዋልካን ጠባይ አይለውጥም። ማበጡን በደንብ የሚቀንሰው ኖራ ነው። ኖራ የገባበት አፈር ግን ግትር ስለሚሆን ከአቅሙ በላይ ሲጫን ድንገት ይሰበራል። ስለዚህ ዋልካ ላይ ቃጫን ብቻውን ከመሞከር ሁለቱን አብሮ መጠቀም ያዋጣል ባይ ነኝ።