መኪና ሲቃጠል ካሳ የሚከፍለው ማነው?

«ኢንሹራንስ አለኝ እኮ» የሚለው አባባል ብዙ ሰው እያሳሳተ ነው። የፊት መስታወት ላይ ስቲከሩን የምንለጥፍለት የግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው። የራስህ መኪና ብትቃጠል ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ለዚያ ሙሉ ሽፋን ወይም የእሳት ሽፋን መግዛት ያስፈልጋል።

ቡሬ ውስጥ ግቢ የቆመ አይሱዙ ከጎረቤት ብየዳ ቤት በተፈናጠረ ፍንጣሪ ነደደ እንበል። ባለቤቱ በ2 ሚሊዮን ብር ሙሉ ሽፋን ገብቷል፤ በተቃጠለበት ቀን ግን መኪናው የሚያወጣው 1.5 ሚሊዮን ነው። ካሳው ከ1.5 ሚሊዮን አይበልጥም፤ የ1952ቱ ንግድ ሕግ ቁጥር 678 እንዲህ ይላል። ብዙዎች የሚናደዱት እዚህ ላይ ነው፤ መድን ግን የጠፋውን ይተካል እንጂ ትርፍ አይሰጥም።

ሽፋን ከሌለውስ? የበያጁን ጥፋት ካስረዳ በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላል፤ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ሳያልፍ።

በሁከት የተነሳ ቃጠሎ መሸፈኑና ከካሳው ላይ የሚቀነሰው መጠን እንደየውሉ ይለያያል፤ ፖሊሲውን፣ ማለትም የመድን ውሉን ሰነድ፣ አውጥታችሁ አንብቡ። ፖሊስና የመድን ድርጅቱ ሳያዩት ደግሞ ቅሪቱን ከቦታው አታንሱ።