ዲፍ ሎክ ምንድን ነው? አሮጌውና አዲሱ መኪና ጭቃ ላይ ሲገናኙ

ክረምት ላይ ከሱሉልታ አስፋልት ወጣ ብላችሁ በማሳው መሃል የሚያልፈውን ጥርጊያ መንገድ ከያዛችሁ፣ ብዙም ሳትሄዱ መረሬው ጎማችሁን መያዝ ይጀምራል። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። በሐምሌ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። በሰንዳፋም በአቃቂም በኩል ያው ነው። እዚህ አካባቢ የአራት በአራት መኪና ወዳጆች ሲገናኙ፣ የሞተሩ ጉልበትም የሞዴሉ ዓመትም ሳይነሳ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ዲፍ ሎክ አላት?»

ዲፍ ሎክ በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን በሚያገናኘው ወፍራም ብረት) ላይ ያሉትን የግራና የቀኝ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስገድድ መቆለፊያ ነው። ጥቅሙን ለመረዳት ግን መጀመሪያ የሚቆለፈውን ነገር፣ ማለትም ዲፈረንሻሉን ማወቅ ያስፈልጋል።

መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1.5 ሜትር ነው እንበል። አንድ አደባባይ ሙሉ ዙር ብትዞሩ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው 9 ሜትር ተኩል ገደማ አብልጦ ይሄዳል። የሚገርመው፣ አደባባዩ ትንሽም ሆነ ትልቅ ልዩነቱ አይቀየርም። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን ብረት ቢያያዙ ኖሮ በየመታጠፊያው አንደኛው አስፋልቱ ላይ እየተፋቀ ነበር የሚዞረው። ጎንበስ ብላችሁ የአሮጌ ላንድክሩዘር የኋላ አክስል ብታዩ መሃሉ ላይ ያበጠ ድቡልቡል ብረት አለ። ዲፈረንሻሉ እሱ ውስጥ ነው። የውስጥ ጥርሶቹ ኃይሉን ለሁለቱም ጎማዎች እያደረሱ፣ አንዱ ከሌላው ፈጥኖ እንዲዞር ይፈቅዳሉ።

ይህ ፈቃድ አስፋልት ላይ በረከት ነው። ጭቃ ላይ ግን ጣጣ ያመጣል። ተራ ዲፈረንሻል ለግራና ለቀኝ ሁልጊዜ እኩል ኃይል ነው የሚሰጠው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሾረው ጎማ ኃይሉን ሁሉ የበላው ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። የግራው ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ መሾር ሳይጀምር የሚችለው ኃይል 10 ብቻ ከሆነ፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ቀኙም 10 ብቻ ነው የሚደርሰው፤ 100 መሸከም ቢችልም እንኳ። ነዳጅ ብትጨምሩ የግራው ጎማ ፍጥነት ይጨምራል እንጂ የቀኙ ጉልበት አይጨምርም። ጎማ ጭቃውን እየረጨ ሲሾር ሾፌሩ አብዝቶ ሲረግጥ የምናየው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት የሚያተርፈው ነገር ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው።

«አራት በአራት አስገባዋ!» ይላል ከዳር የቆመ ሰው። ይረዳል፤ ግን አይበቃም። የፊተኛው አክስልም የራሱ ዲፈረንሻል አለው። መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ቦይ ሲገጥማችሁ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ጎማዎች በአንድ ጊዜ አየር ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ሁለቱ ሰማይ ላይ ይሾራሉ፤ መሬት የያዙት ሁለቱ ደግሞ ዝም ብለው ይቆማሉ። አራት በአራት ገብቶ፣ ከባድ ማርሽ (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው) ተይዞ፣ መኪናው አንድ ስንዝር አይሄድም።

ዲፍ ሎክ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አንድ አንጓ ገብቶ የዲፈረንሻሉን ጥርሶች አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች እኩል ይራመዳሉ። አየር ላይ ያለው ጎማ ዞረም አልዞረ ለውጥ የለውም፤ መሬት የያዘው የሚችለውን ሁሉ ኃይል ያገኛል። መቆለፊያው በኤሌክትሪክ ሞተር፣ በአየር ግፊት ወይም በዘንግና በሽቦ ሊሠራ ይችላል። ውጤቱ አንድ ነው።

አሁን ወደ አሮጌና አዲስ እንምጣ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በድሮ መኪና ወዳጆች ዘንድ «የድሮው ሁሉ ዲፍ ሎክ ነበረው» የሚል እምነት አለ። ይህ መታረም አለበት። በ1948 የተጀመረው ላንድሮቨር፣ ገጠሩን ያገላበጠው ያ ባለ ባሌስትራ ጀግና፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የአክስል መቆለፊያ አልነበረውም። ከ1983 ጀምሮ የመጡት፣ በኋላ ዲፌንደር የተባሉት ደግሞ፣ መቆለፊያ ቢኖራቸውም የሚቆልፈው በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለውን ዲፈረንሻል ነው። ግራና ቀኝን አይደለም። እውነተኛው የአክስል መቆለፊያ ከፋብሪካ የመጣባቸው ጥቂት ናቸው። መርሴዲስ ጂ በ1979 ከወጣ ጀምሮ ከፋብሪካ ሊገጠምለት ይችል ነበር። በ1984 የወጣው ላንድክሩዘር 70 እና በ1990 የተከተለው 80 ደግሞ እንደ ገዢው ምርጫ የፊትና የኋላ መቆለፊያ ይገጠምላቸው ነበር። ስለዚህ ሁለት መንትያ የሚመስሉ 80ዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ያለው ሌላው የሌለው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መቆለፊያ የሌላት ላንድሮቨር እንዴት ያን ሁሉ አገር አቆራረጠች? አንደኛው መልስ ድፍን አክስሏ ነው። የግራውና የቀኙ ጎማ በአንድ ወፍራም አክስል ስለተያያዙ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላውን ወደታች ይጫነዋል። በተለይ ባሌስትራው (ተደራራቢው ዝርግ ብረት) በሞላ (በተጠማዘዘው ስፕሪንግ) ከተተካ በኋላ ጎማዎቹ ረጅም ርቀት መውጣትና መውረድ ቻሉ። መሬት ያልለቀቀ ጎማ ደግሞ መቆለፊያ አያስፈልገውም። ሁለተኛው መልስ ቀጭን ጎማዋና ቀላል አካሏ ነው። ሦስተኛው ሾፌሩ ነው፤ እሱን ማንም አይክደውም።

የድሮ ሾፌሮች አንድ ዘዴ ነበራቸው። አንዱ የኋላ ጎማ ሲሾር የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳብ አድርገው ነዳጁን በስሱ ይሰጣሉ። የሚሾረው ጎማ በፍሬኑ ይከብደዋል። ዲፈረንሻሉ ለሁለቱ እኩል ስለሚሰጥ፣ አንደኛው ሲከብደው ሌላውም የዚያኑ ያህል ተጨማሪ ኃይል ያገኛል። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዝ ከሆነ ይህ ዘዴ ዛሬም ሊሞከር ይችላል፤ ፍሬኑ ሁለቱንም ጎማ ስለሚይዝ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። በአሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች ግን አይሞከርም። የነሱ የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ ነው።

የዘመኑ መኪና የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በኮምፒውተር። እያንዳንዱ ጎማ ላይ ፍጥነቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። አንዱ ከሌሎቹ ፈጥኖ ሲሾር ኮምፒውተሩ የዚያን ጎማ ፍሬን ብቻ ነጥሎ ይይዛል፤ ኃይሉ በሌላኛው በኩል ይወጣል። ትራክሽን ኮንትሮል የሚባለው እሱ ነው። ቪ ኤይት የምንለው ላንድክሩዘር 200 በ2007 ሲመጣ፣ ነዳጁንና ፍሬኑን ራሱ እየመጠነ ቀስ ብሎ የሚያስኬድ ክሮል ኮንትሮል የሚባል ሥርዓት ይዞ መጣ። በ2019 ይፋ የሆነው አዲሱ ዲፌንደር ደግሞ ሻንሲ የለውም፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው አካሉ ራሱ ተሸካሚ ነው። ድፍን አክስልም የለውም፤ ጎማዎቹ ለየብቻቸው ነው የሚወርዱትና የሚወጡት። የቀድሞው ዲፌንደር በጥር 2016 ምርቱ ሲቆም ያዘኑ ሰዎች አዲሱን ገና ሳያዩት ነበር የጠሉት። እኔ አልጠላውም። በኮሮኮንች ላይ ያለው ምቾትና ከሰንዳፋ ሲመለሱ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ያለው ደህንነት ቀላል ነገር አይደለም። የቤተሰብ ሰው ይህን ንቆ ማለፍ የለበትም።

ልዩነቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ እርምጃ የሚወስደው ጎማው ከሾረ በኋላ ነው። ያ ሽርፍ የምትል ቅጽበት በድንጋይ ላይ ምንም አይደለችም። መረሬ ላይ ግን ጎማው በሾረ ቁጥር ይቆፍራል፤ ጥርሱም ይሞላል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው እርዳታ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚደርስ ነው። ረጅም ጭቃማ አቀበት ላይ ደግሞ ፍሬኑ ያለማቋረጥ ሲሠራ ይግላል፤ ሸራውም ይበላል። ዲፍ ሎክ ያላት መኪና ሾፌር ከመኪናው ይወርዳል፣ ጭቃውን ያያል፣ ይቆልፋል፣ ከዚያ ይገባል። መጀመሪያውኑ ጎማው አይሾርም። ወዳጆቹ ከሁሉ በላይ የሚወዱት ይህን ይመስለኛል፤ ችግሩ ሳይመጣ መወሰን መቻልን። የአሮጌ መኪና ፍቅር ሁሉ ናፍቆት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ነጥብ ስተውታል።

ጥገናውም አለ። የድሮው መቆለፊያ ቢበላሽ መካኒኩ ፈትቶ ያየዋል፤ አንጓው፣ ዘንጉ፣ ሞተሩ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ሶማሌ ተራ ዞሮ ዕቃ መፈለግም ይቻላል። በዘመኑ መኪና አንዲት የጎማ ሴንሰር በጭቃ ተሸፍና ወይም ሽቦዋ ተበጥሶ ብትቀር፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በርቶ ትራክሽን ኮንትሮሉ ሊጠፋ ይችላል። ምርመራ ማሽን ያለው ጋራዥ ደግሞ ከወጨጫ ተራራ ሥር አታገኙም።

እንዲህ ስል ግን መቆለፊያው ያለ አግባብ ከተያዘ መኪና ይሰብራል። የተቆለፈ አክስል አስፋልት ላይ ሲታጠፍ የጎማውን ዘንግ ያጣምማል፣ ይሰብራል። የፊተኛው ከተቆለፈ ደግሞ መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። በብዙ መኪኖች ሲቆለፍ ኤቢኤሱም (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ደርቆ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ሥርዓት) ይጠፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የኋላው ብቻ ይቆለፋል። የፊቱ የሚነካው የግድ ሲሆንና መንገዱ ቀጥ ሲል ነው። ቆማችሁ ወይም በጣም ዝግ ብላችሁ እያላችሁ ቆልፉ፤ ጎማው እየሾረ በፍጹም እንዳትነኩት። ጭቃው እንዳለቀ ወዲያው ፍቱት።

ሌላው የማይነገር አደጋ ጎን ያዘነበለ መንገድ ነው። የእንጦጦ ጀርባ ላይ በዝናብ የራሰ ገደላማ ጠርዝ ስትይዙ፣ ያልተቆለፈ አክስል አንዱ ጎማ ሲሾር ሌላው ቦታውን ይዞ መኪናውን ያቆየዋል። ከቆለፋችሁት ግን ሁለቱም አንድ ላይ ሊሾሩ ይችላሉ። ሁለቱም ሲሾሩ የሚይዝ የለም፤ የመኪናው የኋላ ክፍል ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ መቆለፊያውን ፈትቶ በእርጋታ ማለፍ ይሻላል። ያ ካልሆነ ደግሞ መመለስ።

መኪና ልትገዙ ከሆነ የሻጩን ቃል አትመኑ። ዳሽቦርዱ ላይ የአክስል ሥዕልና መሃሉ ላይ የኤክስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ፈልጉ። ቁልፉ መኖሩ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አስይዛችሁ፣ የኋላውን አክስል በክሪክ አንሥታችሁ በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፉት። ካምቢዮውን ዜሮ ላይ አድርጉና አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሳይቆለፍ ሌላኛው ጎማ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒ ይዞራል። ተቆልፎ ከሆነ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። አንዳንድ መኪኖች መቆለፊያውን የሚቀበሉት በከባዱ አራት በአራት ማርሽ ላይ ብቻ ነውና እሱን አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ያኔ ግን መሬት የረገጡት የፊት ጎማዎች ስለሚይዙት፣ ተቆልፎ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹ በእጅ አይዞሩም። ካገኛችሁት ደግሞ ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት። ለዓመታት ያልተነካ የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ዝጎ ይደርቃል። አልፎ አልፎ ልል አፈር ላይ ቆልፎ ጥቂት ሜትር መሄድ ያድነዋል።

ይህ ክርክር እኛ ዘንድ በቅርቡ መልኩ መቀየሩ አይቀርም። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ በጥንቃቄ የሚያዝ ዕቃ ሆኗል። የሚገባው አዲስ መኪና የኤሌክትሪክ ነው። በዚያም በኩል ነገሩ ቆሞ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የኤሌክትሪኩ መርሴዲስ ጂ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር አለው፤ አራት ሞተር ለአራት ጎማ። በግራና በቀኝ መካከል ዲፈረንሻል የለም፤ ስለዚህ የሚቆለፍም የለም። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ሞተር ጉልበት ለየብቻ ይመጥናል፤ የፍሬንን ያህል ጊዜም አይፈጅበትም። ከኮምፒውተር የሚመጣ እርዳታ ሁሉ ዘግይቶ ይደርሳል ለሚለው ክርክሬ እስካሁን የገጠመው ከባዱ መልስ ይህ ነው። ሱሉልታ መረሬ ላይ በሐምሌ ከአንዲት ባለ ሎክ 80 ጎን ቢሞከር ለማየት እጓጓለሁ።