የደም ሥሮችና የሌሎች የውስጥ አካላት መስፋት፣ ከጅማ አንፃር

ደም፣ አየር፣ ምግብ ወይም ሽንት የሚያልፍባቸው የሰውነት ክፍሎች ከልካቸው በላይ ሲሰፉ ሐኪሞች ዳይላቴሽን ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሌላ ችግር ውጤት ነው፤ ወይ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወይ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ግድግዳው ደክሟል።

ጅማ አካባቢ ብዙ የሚያስወራው አንጀት ነው። «አንጀቱ ተቋጠረ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሲግሞይድ ቮልቩለስ ነው። የትልቁ አንጀት ታችኛው ክፍል ይጠማዘዝና በሁለቱም በኩል ይዘጋል፤ ጋዝም ሰገራም መውጫ ያጣል፣ ሆድ እንደ ከበሮ ይወጠራል። በአገራችን ትልቁ አንጀት ከሚዘጋባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲሆን በብዛት የሚይዘው ጎልማሳ ወንዶችን ነው። ሲግሞይዱ ረጅም የሆነ ሰው በቀላሉ ይጠማዘዝበታል፣ ይህ አያከራክርም። ያስረዘመው አሰር የበዛበት ምግብ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ከፍታን የሚያነሱም አሉ፣ ግን ሐሳቡ የመጣው ከ3,000 ሜትር በላይ ካሉት የአንዲስ ነዋሪዎች ስለሆነ ለጅማ ብዙም አይዋጥልኝም። አንጀቱ ገና ካልሞተ በፊንጢጣ ቱቦ አስገብቶ ማስተንፈስ ይቻላል። ችግሩ ስለሚመለስ ግን በኋላ ትርፉን መቁረጥ ይመከራል። ከሞተ በቀጥታ ኦፕራሲዮን ነው።

እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከየወረዳው የሚላከው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተጀምሮ ዛሬ የደቡብ ምዕራቡ መመኪያ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ሲሆን፣ ተማሪዎቹን ገና ከጅምሩ ወደ ኅብረተሰቡ ማውጣቱ በአገሪቱ ፈር ቀዳጅ አድርጎታል።

የማኅበረሰብ ሥራው ከሚነካቸው አንዱ ቢልሃርዚያ፣ በውሃ የሚተላለፍ የትል በሽታ፣ ነው። እጩ ትሉ ከወንዝ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። እንቁላሉ ጉበት ውስጥ ጠባሳ ሲፈጥር ወደ ጉበት የሚሄደው ደም መንገድ ያጣና የጉሮሮ ቧንቧና የጨጓራ ደም ሥሮች ያብጣሉ። ሲፈነዱ ሰው ደም ያስታውካል። በሄፓታይተስ ቢ የተጎዳ ጉበትም እዚያው ያደርሳል። ያበጡትን ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ማሰርና ፕሮፕራኖሎል የተባለው መድኃኒት መድማቱን ይቀንሳሉ፤ ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ነው።

የእግር ቫሪኮስ፣ ማለትም የእግር ደም ሥሮች መስፋት፣ የሚመጣው ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱት ክዳኖች ሲላሉ ነው። ቲቢ ደግሞ ከዳነም በኋላ የሳንባን አየር ቧንቧዎች አስፍቶ ሊተው ይችላል።

አኒዩሪዝም፣ ማለትም የደም ቧንቧ መነፋት፣ በዋናው ደም ቧንቧ ላይ ሲሆን በብዛት የሚታየው በሚያጨሱ አረጋውያን ወንዶች ላይ ነው። ሆድ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ስሙን ያገኛል፣ ወንዶች ላይ 5.5 ሲሞላ ኦፕራሲዮን ይታሰባል።